ፓይተን ላይ የቫሪያብል ስም መቀየር፦ «አመት» እና «ዓመት» በአንድ ፋይል ውስጥ፣ የድሮውን እንዴት ላስወጣው?

ሳቢያን_ፓይተን (ድሬዳዋ)

ሰላም ለድሬዎች፣ ሰላም ለሐረሮች።

ጅምላ ሻጮች የዕቃ ገቢና ወጪ የሚይዙበት አንድ የፓይተን ሞጁል (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ፋይል) አለ፣ ስሙ `መዝገብ`። እዚህ ድሬ ተሠርቶ አሁን ሐረርም ጅግጅጋም ያሉ ልጆች በየፕሮግራማቸው ውስጥ አስገብተው ይሠሩበታል። በሥርዓቱ የሆነ ቦታ ላይ የተጫነ አይደለም፤ በፍላሽና በቴሌግራም እየተቀባበሉት የሄደ ስለሆነ ማን ዘንድ የትኛው ቅጂ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የጻፉት ሁለት ልጆች አዲስ አበባ ሥራ አግኝተው ሄዱ፣ ፋይሉ እኔ እጅ ገባ።

የቫሪያብሎቹ ስም በፊደላችን ነው። ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ ይፈቅዳል፣ ልጆቹም ተጠቀሙበት። እሱ ላይ ክርክር አልፈልግም፤ በአማርኛ ስም የተጻፈ ኮድ ለጀማሪ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚቀል ያስተማረ ያውቀዋል። ራስ ምታቴ ሌላ ነው። ከሞጁሉ አናት ላይ እንዲህ ይላል፦

`አመት = 2024`
`ዓመት = 2016`

አንዱ በአልፋው «አ»፣ አንዱ በዓይኑ «ዓ»። የመጀመሪያው ልጅ ለፈረንጁ ዘመን አንዱን ጻፈ፣ ሁለተኛው መጥቶ የኛን ዘመን በሌላው ጨመረ። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለፓይተን ግን የማይተዋወቁ ሁለት ስሞች። የደንበኞቹ ፕሮግራሞች ደግሞ እነዚህን አንብበው ብቻ አይተዉም፣ ይሞሉባቸዋል፤ `መዝገብ.አመት = 2023` ብለው ያለፈውን ሪፖርት ያወጣሉ።

ሌሎችም አሉ። `ሰዓት` አንዱ ጋ እንደኛ ከንጋት ይቆጥራል፣ አንዱ ጋ ከእኩለ ሌሊት። `የቤተሰብ_ስም` የሚለው ውስጥ ያለው የአባት ስም ነው። የሚያስቸኩለኝ ግን የዘመኑ ነው።

ያሰብኩት፦ `ዓመት` ለኛ ዘመን እንዳለ ይቆይ፣ የፈረንጁ `ዓመት_ፈረንጅ` ይባል፣ `አመት` ይጥፋ። አሁኑኑ ላጥፋው ወይስ ዲፕሪኬት አድርጌ (አርጅቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ) ላቆየው? ካቆየሁትስ እስከ መቼ?

---

ቸኳይ

ቪኤስ ኮድ ክፈት፣ ስሙ ላይ ቁም፣ ኤፍ 2፣ አዲሱን ጻፍ፣ ኢንተር። ምን ያወዛግባል አቦ።

---

ከዚራ07 (ድሬዳዋ)

ወላሂ ስምህን አውቀህ ነው ያወጣኸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ።

ኤፍ 2 የሚያየው የከፈትከውን ፎልደር ነው፤ ጅግጅጋ ያለው ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም። እዚያው ያንተ ፎልደር ውስጥም ቢሆን ስሙ በጥቅስ ምልክት መሃል ጽሑፍ ሆኖ ከተቀመጠ ያልፈዋል። የጄሰን ፋይል ቁልፍ፣ የኤክሴል ዓምድ ርዕስ፣ በጌትአትር በጽሑፍ የሚጠራ ስም፣ ሁሉም እንደነበሩ ይቀራሉ። ሳቢያን፣ መጀመሪያ ግሬፕ አድርግ (ስሙን በፋይሎቹ ሁሉ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ፈልግ)። ስታደርግም በሁለቱም «አ»።

---

ሂክማ_ጁገል (ሐረር)

ሳቢያን፣ ከሁሉ በፊት ፋንክሽንና ቫሪያብልን እንለይ። ስም ስለመቀየር የሚነገረው ምክር አብዛኛው ለፋንክሽን ነው። ፋንክሽን ከሆነ አዲሱን ትጽፋለህ፣ የድሮው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አዲሱን ይጠራል፣ አለቀ። በኦክቶበር 2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ለዚሁ የሚሆን ዲፕሪኬትድ የሚባል ዲኮሬተር (አናት ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ዋርኒንግስ ሞጁል ውስጥ ጨምሯል። እሱም ለፋንክሽንና ለክላስ ነው እንጂ ለቫሪያብል አይሆንም።

ቫሪያብል ላይ ሰው ይጽፍበታል፤ ችግሩ እሱ ነው። ሞጁልህ ውስጥ `ዓመት_ፈረንጅ = አመት` ብለህ ሁለቱንም ስም ብታስቀምጥ ለጊዜው እኩል ናቸው። ደንበኛው `መዝገብ.አመት = 2023` ያለ ዕለት የተቀየረው የድሮው ስም ብቻ ነው። ያንተ አዲስ ኮድ `ዓመት_ፈረንጅ`ን ሲያነብ አሁንም 2024 ያገኛል። ስህተት የለ፣ ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ፕሮግራሙ በሰላም ሪፖርቱን ያወጣል፤ የሌላ ዓመት ሪፖርት።

የኢማክስ ጽሑፍ ማረሚያ ቋንቋ የሆነው ኢማክስ ሊስፕ ለዚህ የራሱ መላ አለው። ሁለት ስሞች አንድ ዋጋ እንዲጋሩ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፤ በአንዱ ብትጽፍ በሌላው ታነበዋለህ፣ ከየትኛው እትም ጀምሮ ስሙ እንዳረጀም አብሮ ይመዘገባል። ቅደም ተከተሉን መጠንቀቅ ነው፦ ይህ መስመር አዲሱ ቫሪያብል ከሚታወጅበት መስመር መቅደም አለበት፣ አለዚያ ተጠቃሚው በማስጀመሪያ ፋይሉ ላይ በድሮው ስም የሞላው ምርጫ ሰሚ ያጣል።

ፓይተን ላይ ይህን በእጅህ ነው የምትሠራው። ከ3.7 ጀምሮ (2018፣ የፓይተን ማሻሻያ ሰነድ ፔፕ 562) ሞጁል የራሱ ጌትአትር ሊኖረው ይችላል። የድሮውን ስም ከሞጁሉ ጨርሰህ ታወጣዋለህ፤ ሰው ሲጠይቀው ፓይተን ስሙን ሲያጣ ወዳንተ ጌትአትር ይመጣል፤ አንተ ማስጠንቀቂያውን ሰጥተህ የአዲሱን ዋጋ ትመልሳለህ። ንባቡ ተያዘ። መጻፉ ግን አልተያዘም። ደንበኛው ሲጽፍበት የድሮው ስም እንደገና ይፈጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ስሙ ስላለ ጌትአትርህን የሚጠራው የለም። ለመጻፉ የሞጁሉን ክላስ ራሱን መተካት አለብህ፤ ከሞጁልታይፕ (የሞጁሎች መነሻ ክላስ) የሚወርስ፣ የድሮው ስም ፕሮፐርቲ የሆነበት፣ ሲነበብም ሲጻፍም ወደ አዲሱ የሚያሳልፍ ክላስ። ከ3.5 ወዲህ የተፈቀደ ነው። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ሁለት ነገር ልብ በል። በሞጁሉ በራሱ ውስጥ እንዲሁ `አመት` ተብሎ የተጠራ ሁሉ በዚህ በር አያልፍም፤ መጀመሪያ የራስህን ቤት አጽዳ። ደንበኛው ደግሞ ሞጁሉን ሳይሆን ስሙን ነጥሎ ኢምፖርት ካደረገ ዋጋውን በዚያች ቅጽበት ይዞ ሄዷል። ማስጠንቀቂያው ኢምፖርቱ ላይ ይደርሰዋል፣ በኋላ የሚቀየረው ዋጋ ግን አይደርሰውም።

---

ሳቢያን_ፓይተን

ሂክማ፣ ኑሪልኝ። ጌትአትሩን አሁን ሞከርኩት፣ ዋጋውን ይመልሳል፣ ማስጠንቀቂያው ግን ድምፁ የለም። ዲፕሪኬሽንዋርኒንግ ነው የሰጠሁት።

---

ሂክማ_ጁገል

ድምፁ የሌለው ስለሚደበቅ ነው። ፓይተን ከ2.7 እና ከ3.2 ጀምሮ ያንን ዓይነት ማስጠንቀቂያ ለተጠቃሚ አያሳይም ነበር። 3.7 ላይ ትንሽ ላላ፦ ቀጥታ የምታስነሳው ዋናው ፋይል ውስጥ ከተቀሰቀሰ ይታያል። አንተ የሞከርከው ከሌላ ሞጁል ውስጥ ይሆናላ።

ያንተ ደንበኞች ቴስት የሚያስሮጡ አይመስለኝም፣ ስለዚህ ፊውቸርዋርኒንግ ተጠቀም፤ እሱ ሳይደበቅ ይወጣል። ስታክሌቭል የሚለውን 2 አድርገው። ካላደረግከው ማስጠንቀቂያው የሚጠቁመው ያንተን ሞጁል መስመር ነው፣ ደንበኛው የራሱ ፋይል የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ጽሑፉ ላይ «አርጅቷል» ብለህ አትተወው። እንዲህ በለው፦

«መዝገብ.አመት በመዝገብ 3.0 ይወገዳል። መዝገብ.ዓመት_ፈረንጅ ይጠቀሙ።»

የድሮው፣ አዲሱ፣ የሚወገድበት የሞጁልህ እትም። አንብቦ ወዲያው እጁን የሚያንቀሳቅስበት ነገር ያገኛል።

---

የሱቅ_ልጅ (ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ)

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ የምቀመጠው ነኝ። ማስጠንቀቂያ እያላችሁ ስታወሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሆነ ፕሮግራም (የናንተ አይደለም) ታድሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ደረሰኝ አናት ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ያትማል። ደንበኛው «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ አዲስ ታክስ ነው?» ይለኛል። እኔ ምን ልበለው? መጨረሻ ላይ አናቱን በመቀስ እየቆረጥኩ መስጠት ጀመርኩ። ሠሪውን ስጠራው «እሱ እኮ ስህተት አይደለም፣ ይሠራል» አለኝ።

---

ከዚራ07

😂😂 ይሄ የባች ፋይል (ፕሮግራሙን የሚያስነሳው የትእዛዝ ፋይል) ሥራ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚወጣው በስህተት መውጫው በኩል ነው፣ ከመደበኛው ውጤት የተለየ ነው። ባች ፋይሉ ላይ ሁለቱን መውጫ አንድ ፋይል ውስጥ ደባልቆ ወደ ፕሪንተር የሚልክ ሰው ካለ ማስጠንቀቂያው ደረሰኝ ላይ ይታተማል።

ሳቢያን፣ ሂክማ ያለችው ልክ ነው፣ ይታይ። ግን የሚታየው ለሠሪው ይሁን እንጂ ለሸማቹ አይሁን። ፓይተን ሎጊንግ ውስጥ ካፕቸርዋርኒንግስ የሚባል አለ፤ ሁሉንም ማስጠንቀቂያ ወደ ሎጊንጉ ያዞረዋል፣ ሎጊንጉን ወደ ፋይል ካደረግከው ሎግ ፋይል ውስጥ ይገባል። የአጫጫን መመሪያህ ላይ ይህችን መስመር ጨምርላቸው፣ ሎግ ፋይሉንም በወሩ የሚያይ ሰው ይኑር።

---

ጋሽ_ፒኤችፒ (ድሬዳዋ)

ልጆች፣ ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም።

ድሮ ፒኤችፒ (የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ነው) ላይ ከፎርም የመጣ መረጃ የሚቀመጠው «ኤችቲቲፒ ፖስት ቫርስ» በሚባል ረጅም ስም ውስጥ ነበር። በዲሴምበር 2001 እትም 4.1 ሲወጣ ዛሬ የምታውቁት አጭሩ «ፖስት» መጣ። ረጅሙ ግን ወዲያው አልጠፋም። 5.3 ላይ፣ በ2009 መሆኑ ነው፣ ዲፕሪኬትድ ተባለ፤ ጨርሶ የተወገደው በማርች 2012 በ5.4 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው። አጠገቡ ደግሞ ሬጂስተር ግሎባልስ የሚባል ነገር ነበረ፤ ከፎርምም ከአድራሻውም የመጣውን ሁሉ እየተቀበለ ቫሪያብል ያደርግልሃል። አድራሻው ላይ «አድሚን እኩል ይሆናል 1» ብሎ የጻፈ ሰው ኮዱ ካልተጠነቀቀ አድሚን ሆኖ ይገባል። እሱን 4.2 ላይ በ2002 በነባሪነት አጠፉት፣ የተወገደው ግን ከረጅሙ ስም ጋር አብሮ በ5.4 ነው። አደገኛ መሆኑ እየታወቀ እንኳ ይህን ያህል ዘገየ።

ታዲያ ጊዜው በቅቶ ነበር ወይ? አንድ የማውቀው የሆቴል ክፍል ማስያዣ ገጽ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሆስቲንጉ ሌሊት ሰርቨሩን ወደ 5.4 አሳደገው። ጠዋት ገጹ ይከፈታል፣ ፎርሙ ይሞላል፣ «ተመዝግቧል» ይላል። ዳታቤዙ ውስጥ ግን ስም የሌለው፣ ስልክ የሌለው፣ ቀን የሌለው ማስያዣ ተራ በተራ ይደረደራል። ፒኤችፒ ያኔ የሌለ ቫሪያብል ስትጠራ ቀስ ያለች ኖቲስ ብቻ ሰጥቶ ባዶ ይመልስልሃል፤ ኖቲሱም ተዘግቷል። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ከባቡር ጣቢያ ሲመጣ ነው የታወቀው።

ሳቢያን፣ ለምን ያህል ጊዜ ላቆየው ብለሃል። የጊዜው ርዝመት ብዙ አያሳስብህ። የድሮው ስም የወጣ ዕለት ፕሮግራሙ ጮኾ ይቆማል ወይስ ባዶ ይዞ ይቀጥላል፣ እሱን ነው ማየት ያለብህ።

---

አራተኛ_ሰፈር (ሐረር)

እኔ ግን አታውጣው ባይ ነኝ። ለዘላለም ተወው።

ሐረር ውስጥ አንዱን በር ሸዋ በር ብትለው፣ አስማዲን በሪ ብትለው፣ ባጃጁ እዚያው ያወርድሃል። አንዱን ስም ለማጥፋት የተነሳ የለም፣ የጠፋም ሰው የለም። ሁለት ስም ይዞ መኖር ምን ያስከፍላል?

ትልልቆቹም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ጃቫ ውስጥ ዴት የሚባለው ክላስ ጌትይር የሚል ሜተድ አለው፤ የሚመልስልህ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 1900 ቀንሶ ነው፣ 2024ን 124 ይልሃል። በ1997 በ1.1 ዲፕሪኬትድ ተባለ፣ ዛሬም ቁጭ ብሏል። ጎ የሚባለው ቋንቋ ላይ አይኦዩቲል የሚባለው ፓኬጅ በ2021 ከ1.16 ጋር አረጀ ተባለ፣ ግን ኮምፓይል ያደርጋል። የኤችቲቲፒው «ሪፈረር» ሄደር ደግሞ በ1996ቱ ሰነድ ላይ አንድ «አር» ጎድሎት ተጻፈ፣ እስከ ዛሬ ያው ነው። በኋላ የመጣው የሪፈረር ፖሊሲ ሄደር በትክክል ተጻፈ፣ ስለዚህ አሁን በሁለት አጻጻፍ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ማንም አልሞተም።

---

ቸኳይ

አራተኛ ትክክል 👏

---

ድሬ_ዳታ (ድሬዳዋ)

አራተኛ፣ ምሳሌህ ቆንጆ ነው፣ ግን ሁለቱ ስሞች ወደ አንድ በር ስለሚያደርሱ ነው ችግር የሌለው። የሳቢያን ሁለት ስሞች እኮ የሚያደርሱት ወደ ተለያየ በር ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይራራቃሉ።

የሳቢያን ዕቅድ ውስጥ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። `አመት` ጠፋ እንበል። ሐረር ያለው ልጅ ፕሮግራሙን ሲያስነሳ «መዝገብ ውስጥ አመት የሚባል የለም» ይለዋል። ልጁ ምን ያደርጋል? «ኧረ ፊደል ሳትኩ» ብሎ በዓይኑ `ዓመት` ይጽፈዋል። ይሠራል! ስህተቱ ጠፋ! ሪፖርቱ ግን 2024 የነበረው 2016 ሆነ። የመረጥከው ማስተካከያ ራሱ ሰውን እጁን ይዞ ወደ ገደሉ ይወስደዋል። ስለዚህ `ዓመት`ም አብሮ ይሂድ። `ዓመት_ኢትዮ` እና `ዓመት_ፈረንጅ` በላቸው፣ ሁለቱም የድሮ ስሞች ይርጁ፣ ነጠላው ስም ለማንም አይመለስ።

ናምፓይን (የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) እዩ። ኢንት፣ ፍሎት፣ ቡል የሚባሉ ስሞች ነበሩት፤ ሰው የናምፓይ የራሱ ዓይነቶች ይመስሉት ነበር፣ በእውነት ግን የፓይተን ተራ ኢንትና ቡል ሌላ ስማቸው ነበር። በጃንዋሪ 2021 በ1.20 ማስጠንቀቂያ ተሰጠ፣ በዲሴምበር 2022 በ1.24 ተወገዱ። ያን ጊዜ ስንት የድሮ ማስተማሪያ ኮድ እንደተሰበረ ማሽን ለርኒንግ የሚማር ሁሉ ያስታውሳል፤ እኔ ጋ ለእርዳታ የሚመጣው ስህተት በሙሉ እሱ ነበር። ከዚያ በጁን 2024 በ2.0 ቡል ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን የናምፓይ የራሱ ቡል ሆኖ። ይህ ያልጎዳው በመሃል ስሙ ባዶ የሆነበት፣ የጠራው ሁሉ ስህተት የሚያገኝበት ዘመን ስለነበረ ነው። የድሮውን ትርጉም የያዘ ኮድ በዚያ ላይ ተንገዋለለ። ቀጥታ ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው ቢዘሉ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

---

አራተኛ_ሰፈር

እሺ ድሬ፣ ስለ ዘመኑ ተረታሁ። `የቤተሰብ_ስም` የሚለውን ግን አትንኩት፣ እሱ ሁለት ስም ይዞ ቢኖር ማንን ይጎዳል።

---

ሂክማ_ጁገል

እሱ ላይ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። አዲሱን `የአባት_ስም` በሰነዱ ላይ ጻፉ፣ የድሮው ያለ ማስጠንቀቂያ እንደ ፕሮፐርቲ ይቀመጥ። የሚያሳስት ነገር ሳይኖር ሰውን በማስጠንቀቂያ ማሰልቸት እውነተኛው ሲመጣ እንዳያዩት ማድረግ ነው።

ድሬ_ዳታ ያለው ላይ አንድ ልጨምር። ከ3.0 በኋላ ስሙ ወጣ ብለህ ፕሮፐርቲውንም አብረህ አትሰርዘው። ከሰረዝከው የሚያነብ ስህተት ያገኛል፣ የሚጽፍ ግን አያገኝም። `መዝገብ.አመት = 2023` ያለ ማንም ሰው አዲስ የማይረባ ቫሪያብል ፈጥሮ ይሄዳል፣ ጋሼ እንዳሉት የሆቴሉ ነገር ይሆናል። ፕሮፐርቲው ይቆይ፣ ሥራው ግን ሲነበብም ሲጻፍም ስህተት ማንሳት ብቻ ይሁን። የኮትሊን (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) ሰዎች ሦስት ደረጃ አላቸው፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ኮምፓይል የማያስደርግ ስህተት፣ መጨረሻ ለአዲስ ኮድ ጨርሶ አለመታየት። አንተ ሁለተኛው ላይ ቁምና እዚያው ኑር።

---

ሳቢያን_ፓይተን

ድሬ_ዳታ፣ ልክ ነህ፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንደ `አመት`/`ዓመት` ያለ ሌላ ጥንድ በሦስት ሺህ መስመር ውስጥ ተደብቆ እንደሆነስ? በዓይኔ እየፈለግኩ ነው፣ `ሒሳብ` እና `ሂሳብ` አሁን አገኘሁ። ፓይተን ራሱ አያስታርቃቸውም?

---

ከዚራ07

አያስታርቅም። ፓይተን ስሞችን ኤንኤፍኬሲ በሚባለው የዩኒኮድ ሕግ ያስተካክላል፣ ያ ሕግ ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀን አንድ አያደርግም። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። ለዩኒኮድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው፤ ለግእዝም ቢሆን ልክ ነው፣ የተምታታው እኛ አፍ ላይ ነው።

በዓይን አትፈልግ። ኤኤስቲ ሞጁሉን (ኮድን ወደ ክፍሎቹ የሚበትን የፓይተን መሣሪያ) ውሰድ፣ ፋይሉን ፓርስ አድርግ፣ ስም የሚይዙትን ኖዶች ሁሉ ሰብስብ። ኔም የሚባለውን ብቻ እንዳትይዝ፤ አትሪቢዩት፣ የፋንክሽንና የክላስ ስም፣ አርጊውመንት፣ በጥሪ ላይ በስም የሚላኩ ኪወርዶችም አሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ስም ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ ቀይር፦ ሐና ኀ በየቤታቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። የግእዙና የራብዑ ነገር እንዳይረሳ፤ ሀና ሃ፣ አና ኣ ለኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ያንን ካላካተትክ `ዓመት` ወደ `ኣመት` ይሄድና ከ`አመት` ጋር አይገናኝም፣ ዋናውን ጥንድ ራሱን ታመልጠዋለህ። ወጥ አጻጻፉ አንድ ሆኖ የመጀመሪያው አጻጻፍ ከአንድ በላይ የሆነውን ሁሉ አትም። ሠላሳ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ከበርጫ በኋላ ቁጭ ብለህ ትጨርሰዋለህ።

እግረ መንገድህን በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ካለም እይ። `ዋጋ፩` የሚል ስም ፓይተን ይቀበላል፣ ስሙ በቁጥሩ እስካልጀመረ ድረስ። ግን «፩» የሚለውን ጽሑፍ ኢንት (ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው) ውስጥ ብታስገባው እሺ አይልም። ልጆቹ ተጫውተውበት እንዳይሆን።

---

ሳቢያን_ፓይተን

ስክሪፕቱ ሠራ! `ሒሳብ`/`ሂሳብ` አንድ ነገር ናቸው፣ እሱ ቀላል። `ጸሐፊ`/`ፀሐፊ` ግን አንዱ መዝጋቢው ሠራተኛ፣ አንዱ ፋይሉን የሚጽፈው ክላስ ሆኖ ተገኘ። የፊደል ነገር ጉድ ነው። በግእዝ ቁጥር የተጻፈ የለም፣ አልሐምዱሊላህ።

---

ጋሽ_ፒኤችፒ

ዳታቤዝስ አለው? የሠንጠረዡ ዓምድ ስምም `አመት` ከሆነ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

---

ሳቢያን_ፓይተን

አለው ጋሼ፣ ማይኤስኪውኤል። ዓምዱ ስሙ በላቲን ፊደል ነው ግን ያው ዓመት ማለት ነው፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ አይናገርም። ደግሞ አንድ ልጅ ከዚህ ሰርቨር የሚያነብ የአንድሮይድ አፕ ሠርቶ ለሱቆች በትኗል።

---

ጋሽ_ፒኤችፒ

እንግዲያው ዓምዱን አትሰይመው። ማይኤስኪውኤል 8.0 ዓምድ በአንድ ትእዛዝ እንድትሰይም ይፈቅድልሃል፣ መፍቀዱ ግን ፈተና ነው፤ ትእዛዙ ባለቀ ሰከንድ የድሮውን ስም የሚጠራ ሁሉ ይወድቃል። ይልቅ አዲስ ዓምድ ጨምር። ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱም ላይ ጻፍ። የድሮዎቹን ረድፎች ጥቂት ጥቂት እያልክ ወደ አዲሱ ቅዳ። ንባቡን ወደ አዲሱ አዙር። የድሮውን የሚነካ ሲጠፋ ያኔ ጣለው።

አፑ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሰው ስልኩ ላይ አፕ የሚያድሰው ዳታ ሲተርፈው ነው፣ አንዳንዱም የጫነው ከጓደኛው በዜንደር ተቀብሎ ነው፤ አዲስ እትም መውጣቱን የሚነግረው የለም። ሰርቨሩ ሁለቱንም ቁልፍ ይቀበል፣ በሁለቱም ይመልስ። የትኛው እትም እንደጠየቀ አፑ ከጥያቄው ጋር እንዲልክ አድርግና ቁጠር። የድሮው መቼ እንደሚጣል ቁጥሩ ይነግርሃል።

---

ሳቢያን_ፓይተን

እሺ፣ የያዝኩትን ልጻፍ፣ የጎደለ ካለ ጨምሩ።

በሞጁሉ እትም 2.4 ላይ `ዓመት_ኢትዮ` እና `ዓመት_ፈረንጅ` ይገባሉ፣ የሞጁሉ ክላስ ተተክቶ ሁለቱ የድሮ ስሞች ፕሮፐርቲ ይሆናሉ፣ ሲነበቡም ሲጻፍባቸውም ፊውቸርዋርኒንግ ከነመስመሩ፣ ወደ ሎግ ፋይል። 3.0 ላይ ያው ፕሮፐርቲ ስህተት ያነሳል፣ አይሰረዝም። `የቤተሰብ_ስም` ዝም ተብሎ ይኖራል። ዳታቤዙ ጋሼ እንዳሉት።

3.0ን ሐምሌ 1 ላይ ላወጣ አስቤ ነበር፣ በጀት ዓመቱ ሲጀምር ንጹሕ ሆኖ እንዲጀምር።

---

የሱቅ_ልጅ

ኧረ በአላህ! ሰኔ 30 ሒሳብ ስንዘጋ፣ ቆጠራ ስንቆጥር፣ የግብር ወረቀት ስናዘጋጅ ነው የምትቀይረው? መስከረም አካባቢም እንዳይሆን፤ ዘመን ሲለወጥ ያለፈው ዓመት ሪፖርት ነው የሚፈለገው። ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ላይ አምጣው፣ ያኔ እናናግርሃለን።

---

ድሬ_ዳታ

ልጁ ከሁላችንም በላጭ ነገር ተናገረ። በተለይ ዓመት የሚባል ቫሪያብል ዓመት በሚዞርበት ሳምንት አይነካም። ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ደግሞ አለ፤ የቀን ስሌቱ ላይ ስህተት ቢመጣ ከስሙ መቀየር ይሁን ከጳጉሜን ይሁን ስትፈልግ ትከርማለህ።

---

ሳቢያን_ፓይተን

ታኅሣሥ ይሁን እንግዲህ።

---

አራተኛ_ሰፈር

አንድ የቀረ። ሱቆቹ ምርጫቸውን ያስቀመጡባቸው የጄሰን ፋይሎች ውስጥ `አመት` የሚል ቁልፍ አለ። 3.0 እነሱን ሲከፍት ስህተት ሊያነሳ ነው? ፋይሉን የጻፈው እኮ ያንተው ሞጁል ነው፣ ባለሱቁ ምን አጠፋ?

---

ሂክማ_ጁገል

ጥሩ አየህ። ፋይልና ኮድ አንድ ሕግ የላቸውም። ኮድ የጻፈ ሰው ሊያርመው ይችላል፣ ፋይሉን ግን ማንም በእጁ አልጻፈውም። ሳቢያን፣ ሲነበብ የድሮውን ቁልፍ ሁልጊዜ ተቀበል፣ ሲቀመጥ በአዲሱ ብቻ ጻፍ፤ እየተከፈቱ እየተዘጉ ራሳቸው ይለወጣሉ። አንድ ፋይል ውስጥ የድሮውም አዲሱም ቁልፍ ተገኝቶ ዋጋቸው ከተለያየ ግን አንዱን ገምተህ አትምረጥ፣ ቆመህ ጠይቅ። ይህ የሚሆነው አንዱ ሱቅ ሁለት እትም በሁለት ኮምፒውተር ሲጠቀም ነው፣ ድሬ ላይ ደግሞ ብዙ ነው።

---

ሳቢያን_ፓይተን

በቃ እጽፈዋለሁ። ስክሪፕቱን ለሚፈልግ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፌዋለሁ። `ሰዓት` የሚለውንስ በዚሁ መንገድ ልጨርሰው?

---

ሂክማ_ጁገል

አይ፣ እሱን አታስገባው እዚህ። `ሰዓት` አንድ ስም ነው፣ ውስጡ ግን አንዳንዴ ከንጋት የተቆጠረ፣ አንዳንዴ ከእኩለ ሌሊት የተቆጠረ ቁጥር አለ። 3 የሚለው ዋጋ የትኛው 3 እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም፣ ወደ የትኛው አዲስ ስም እንደምታሳልፈውም ፕሮፐርቲው ሊያውቅ አይችልም። ቀድመህ የሚጽፉትን ቦታዎች ለይ፣ ከዚያ ለብቻው ክር ክፈትለት።